ለሸምሱ የለቀቅኩት ዕጣ

ጅል ነኝ ስል ሰው ትህትና ይመስለዋል። «ኧረ ባክህ ግርማ፣ አንተማ ነገር አዋቂ ነህ» ይሉኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ አይደለም የምለው፤ ማስረጃ አለኝ። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ የምወደውን ጓደኛዬን ሊገድል የነበረ ነገር ዳቦ ውስጥ ሸጉጬ፣ የተኛበት ሆስፒታል ድረስ በእግሬ ተሸክሜለት ሄጃለሁ። ያውም መንገድ ላይ እያፏጨሁ። ከዚህ በላይ ጅል ካወቃችሁ አስተዋውቁኝ፤ ብቻዬን ሰልችቶኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ንፋስ ስልክ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ የተቆረጠ ሳሙና ካርቶን ውስጥ መደርደር ነው። «ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ ውሎ አንገቱ ያልነጣ ብቸኛ ሰው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የምኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ነው። ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቴ ሸምሱ ይባላል። እሱም እዚያው ፋብሪካ፣ ሳሙናው የሚፈላበት ክፍል ነው የሚሠራው። ከስልጤ አገር የመጣ፣ ከኔ በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ጨው በቁንጥር የሆነ ሰው ነው። ሚስቱ ሩቂያ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር።

ከሸምሱ ጋር ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን። ሥጋ ሲሆን ብቻ ትሪ እንለያያለን፤ እሱ የሙስሊም፣ እኔ የክርስቲያን። ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ሳሉንም አንድ ላይ ተካፈልነው። ማን ለማን እንዳጋባ ስንከራከር ከርመን፣ የፋብሪካው ነርስ ሁለታችንንም አክታ ሰጥታችሁ ኑ ብላ ላከችን። ውጤቱ መጣ። ቲቢ ነው። የሁለታችንም።

ያኔ ቲቢ ማለት ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራ በሽታ ነው። እኔ እንኳን፣ በሁሉ ነገር የምቀልደው፣ ለአንድ ቀን ያህል አልቀለድኩም።

የላኩን ክሊኒክ ውስጥ ጥናት የሚያካሂድ ሐኪም ነበር፤ ዶክተር መኮንን። ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣ ሲናገር አይቸኩልም። ሁለታችንን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ አስረዳን።

«ለዚህ በሽታ የቆየ መድኃኒት አለን» አለ። «ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከሱ ጋር ነጭ ክኒን። ክኒኑ ዓመት ይፈጃል። አሁን ደግሞ አዲስ መጥቷል። ቀይ ነው፣ መርፌ የለውም፣ በስድስት ወር ያድናል ይባላል። ይባላል ነው ያልኳችሁ። ለኛ አገር ሰው የትኛው እንደሚሻል፣ የትኛውስ ምን እንደሚጎዳ ገና እያየን ነው። ስለዚህ እኔም አልመርጥም፣ እናንተም አትመርጡም። የታሸገ ፖስታ ታነሳላችሁ፤ ውስጡ የተጻፈው ይሰጣችኋል። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ማንም አያስገድዳችሁም፤ በተለመደው ትታከማላችሁ።»

«ዕጣ ነዋ» አልኩ።

«ዕጣ ነው።»

«እንደ ዕቁብ?»

ዶክተሩ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ ውሎ አንድ የገባው ሰው ያገኘ ነው የመሰለው። «በለው፣ እንደ ዕቁብ» አለ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ እኔም ይዤያት ነው የጠፋሁት።

ፖስታ አነሳን። ለኔ ቀዩ ወጣ፣ ለሸምሱ ነጩና መርፌው። ዶክተሩ ለኔ ሌላም ነገር ነገረኝ። ቀዩ አዲስ ስለሆነ ጉበት እንዳይነካ በየሁለት ሳምንቱ ደም እሰጣለሁ። ሽንቴም ይቀላል፣ እንዳልደነግጥ። እንደውም መዋጤን የሚያረጋግጡት በሽንቴ ነው።

እኔ ያደግሁት ዕቁብ በሚጣልበት ቤት ነው። በዕቁብ ደግሞ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ የባሰበት ጓደኛ ካለው ይለቅለታል። ልቅሶ የደረሰበት፣ ሚስቱ የምትወልድበት ካለ «እኔ እቆያለሁ፣ አንተ ውሰድ» ይባላል። ይህን ያላደረገ ሰው አይከሰስም፤ ግን ስሙ ይነሳል። ከክሊኒኩ ወጥተን ወደ መካኒሳ ስንወርድ ሸምሱ አጥር ተደግፎ ሳለ። መሐረቡን ሲያነሳ ደም ነበረበት። የኔ ሳል ያን ያህል አልነበረም።

«ዕጣዬን ለቀቅኩልህ» አልኩት።

«ምን?»

«ቀዩን አንተ ትወስዳለህ፣ ነጩን እኔ።»

«ተው እንጂ። አላህ ለኔ ነጩን ነው የጻፈው።»

«አላህ ፖስታ አላሸገም። ያሸገችው ነርሷ ናት፤ በምላሷ ስታረጥብ አይቻታለሁ።»

«ዕጣ ዕጣ ነው ግርማ።»

«ስማ፣ ሩቂያ ስትወልድ አንተ ገና ነጭ ክኒን ስትቆጥር ነው የምትገኘው። እኔ ማን አለኝ? ድመት እንኳን የለኝም።»

ሦስት ቀን እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ማታ በሩን አንኳኳና ምንም ሳይናገር እጁን ዘረጋ። ቀዩን ሰጠሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

አሠራራችንን ልንገራችሁ። በየሰኞው ለየራሳችን የሳምንት ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡናል። ቤት ስንደርስ እንለዋወጣለን። እሽጎቹ እኔ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ሩቂያ እንድታውቅ አልፈለግንም። ሸምሱ ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ጎራ ብሎ ይውጣል። መርፌውን ግን ራሱ እየሄደ መወጋቱን ቀጠለ፤ መቀመጫ መለዋወጥ አይቻልማ። እኔ የሽንት ምርመራ ባለብኝ ቀን ጠዋት አንዷን ቀይ እውጣለሁ፤ ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ይሆናል፤ ነርሷ «ጎበዝ» ትለኛለች። ደሜንም በሁለት ሳምንት አንዴ ይቀዱኛል። «ለሸምሱ ስል ተወጋሁ» እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

አያችሁ? ክኒኑን የሚውጠው እሱ፤ ጉበቱ የሚመረመረው እኔ። ይህ እንግዲህ ለሰባት ሳምንት ያልታየኝ ነገር ነው።

በሰባተኛው ሳምንት አርብ ቀን፣ ሸምሱ ለጁምዓ ወጥቶ ሲመለስ የፋብሪካው በር ላይ ተገናኘን። ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበረች። የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም።

«ሸምሱ፣ ዓይንህ እርድ መስሏል።»

«የሳሙናው ጭስ ነው።»

«ጭስ ያቀላል እንጂ ቢጫ አያደርግም።»

«እንግዲያው ፋብሪካው ሳሙና ለውጧል» አለኝ።

ሸምሱ ሲቀልድ ብርቅ ስለሆነብኝ ሳቅኩ። ስቄ ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ። ሰዓት ያህል ሳይቆይ ጠሩኝ። ሸምሱ የካርቶን ክምር ሥር ተቀምጦ ያስመልሳል፤ አጠገቡ የቆመው ካቦ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። በኋላ እንደገባኝ ምግብ ከቀረው ሳምንት አልፎታል፤ ለሩቂያ «ከግርማ ጋር በላሁ» ይላታል፣ ለኔ «ከሩቂያ ጋር እበላለሁ» ይለኛል። ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። ግን ድሮውንም ቀይ የሚያሸና መድኃኒት እየዋጠ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በፋብሪካው ጭነት መኪና ሆስፒታል ወሰድነው። ሩቂያን ከቤት አስጠራናት። ዶክተር መኮንን በጥናቱ ያለ ሰው መሆኑን ሲሰማ ራሱ መጣ። ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ።

«ነጩ ክኒንም አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ይነካል» አለ። «ሸምሱ፣ ከአሁን ጀምሮ የሰጠንህን ክኒን ሁሉ አቁመሃል። ምንም። ጉበትህ ይረፍ።»

ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሩ ሲወጣ በጣቱ ጠራኝና ጆሮዬ ሥር «ነገ ቀዩን አምጣልኝ» አለ።

«አቁም አለህ እኮ።»

«የሰጠንህን ነው ያለው። የሰጡኝ ነጩን ነው። ቀዩን እነሱ አልሰጡኝም፣ አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

በእግዜር፣ ይህ ነገር ልክ መስሎ ታየኝ። እንደውም የሸምሱ ጭንቅላት በበሽታ እንኳን አይደክም ብዬ አደነቅኩት። ዶክተሩ የወቀሰው ነጩን ነው፤ እንግዲህ የሚያድነው ቀዩ ነው። ሸምሱ ነጩን እንደማይውጥ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ በጠዋት በእግሬ ሄድኩ። ዳቦ ገዝቼ መሐሉን ፈለጥኩና ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆነውን ቀይ ክኒን ሸጎጥኩበት። ያፏጨሁት ያን ቀን ነው። ሩቂያ ሆዷን ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሸምሱ የቀኑን ዋጠ፣ የቀረውን ትራሱ ሥር ከተተ። ዳቦውን አልነካውም። እኔ በላሁት። 

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለጥየቃ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ዶክተር መኮንን አገኘኝ። በዕረፍት ቀኑ መምጣቱን ሳይ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ግርማ፣ ጓደኛህ አሳስቦኛል» አለ። «የደም ምርመራው ከአርቡ ብሶ ነው የመጣው። መድኃኒት አቁሟል፤ መሻሉ ቢዘገይ እንኳን እንዲህ መውረድ አልነበረበትም። ሌላ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።»



ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ ትከሻዬን ነካ አደረገ። «የሚገርምህ፣ ለጉበት ብለን የፈራነው ቀዩን ነበር። ያንተን። ለዚያ ነው በየጊዜው ደምህን የምንቀዳው። ያንተ ጉበት ግን የበሬ ጉበት ነው፤ ምንም አልነካውም።»

የበሬ ጉበት። እዚያው ቆሜ የበሬ ጭንቅላትም እንዳለኝ ገባኝ። ለሰባት ሳምንት ዶክተሩ የኔን ደም እያየ የሸምሱን ጉበት ደህና ነው ሲል ኖሯል። ትናንት የዋጠው ደግሞ ከኔ እጅ ነው። ዛሬ ጠዋትም ሳይውጥ አይቀርም።

አሁን አፌን ከፍቼ የተናገርኩ ይመስላችኋል? «አዎ ዶክተር» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። እሱም ሄደ።

ውጭ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ጊዜውን ያላየ ሰው ይህን ፍርሃት ላይገባው ይችላል። ከኛ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ አንድ በርሜል የሳሙና ሶዳ ፈሰሰበትና «አሻጥር ነው» ተባለ። ወሰዱት። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፣ ስሙንም የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ደግሞ የመንግሥት መድኃኒት፣ የመንግሥት ጥናት አበላሽቻለሁ። ይህስ ምን ሊባል ነው? ስብሰባ ላይ ሲጠሩኝ፣ ካርቶን አጠገብ ቆሜ ሲወስዱኝ፣ ሁሉም ታየኝ። ፈሪ አትበሉኝ ልል አልችልም፤ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ የብልጠት ሐሳብ መጣልኝ። ክኒኑን ራሴ መልሼ እወስዳለሁ። ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። ገባሁ። ሩቂያ ደጅ ልብስ ታጥባለች።

«ሸምሱ፣ ያቺን ነገር መልስልኝ።»

«የቷን?» ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል።

«ቀይዋን። የምትገድልህ እሷ ናት።»

«ማን አለ?»

«ዶክተሩ። ማለት አላለም። ግን ያው ብሏል።»

ዓይኑን አፈጠጠ። «ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንዳትነግረው። ካወቁ ሁለቱንም ይከለክሉኛል። ጥለውኝ ይሄዳሉ። ከጉበት ብተርፍ በሳንባ ነው የምሞተው። ልጄን ሳላይ ግርማ። በእናትህ ማልልኝ።»

«ሸምሱ...»

«በእናትህ።»

ማልኩ። በእናቴ ማልኩ። ትራሱን በክንዱ አጥብቆ ይዞ ተኛ፤ ክኒኑንም አልሰጠኝም። አሁን እንግዲህ ፍርሃቴ ላይ መሐላ ጨመርኩበት።

ሩቂያ እጇን እያደረቀች ገባች። ሸምሱ ዓይኑን ገለጠና «ዘሃራ፣ መጣሽ?» አላት።

«ዘሃራ እህቱ ናት» አለችኝ ሩቂያ ቀስ ብላ። «ከሞተች ስንት ዓመቷ።»

ወደኔ ዞረ። «ይኼ ሰውዬ ማነው?»

እኔ ምን አደረግሁ? ቀለድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደነግጥ የሚወጣኝ እሱ ነው። ደረቴን ነፍቼ «የቀበሌው ሊቀመንበር ነኝ!» አልኩ።

ሸምሱ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ታገለ። ግንባሩ ላብ አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ስብሰባ የቀረሁት አሞኝ ነው። ወላሂ አሞኝ ነው። ሚስቴን ጠይቋት።»

ሩቂያ ፊቴን አየችው። «ግርማ፣ እየቀለደ ነው አይደል?»

ሮጥኩ።

ዶክተሩ መኪናው ጋ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ትንፋሼን አልሰበሰብኩም።

«ዶክተር፣ ዕጣዬን ለቅቄለታለሁ።»

«ምኑን?»

«ዕጣዬን። ቀዩን የሚውጠው ሸምሱ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ነጩን እኔ ነኝ የምውጠው።»

ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። «ሽንትህ ቀይ ነበር እኮ።»

«የምርመራ ቀን ጠዋት አንድ እውጣለሁ።»

«መርፌውስ?»

«መርፌውን እሱ ነው የሚወጋው።»

«እና የኔ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ያየሁት ጉበት...»

«የኔ ነው።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀኝ። «መቼ ነው መጨረሻ የዋጠው? አርብ ነው?»

«ትናንት» አልኩ። «ምናልባትም ዛሬ። እኔ ነኝ ያመጣሁለት። በዳቦ።»

ምነው በጮኸብኝ። ምነው በጥፊ በመታኝ። መኪናውን እንኳን ሳይቆልፍ ወደ ውስጥ ሮጠ። እኔ እስከዚያ ቀን ሐኪም ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ሐኪም የሚሮጠው ምን ያህል ቢብስ ነው ብዬ ተከተልኩት።

ክኒኖቹን ከሸምሱ ክንድ ሥር አወጣቸው። ነጭ አንሶላ ላይ ቀይ በቀይ ሆነው ተበተኑ። ሩቂያ ክኒኖቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምንድን ነው?» አለች።

ነርሶች መጡ፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ እኛን አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ እሷ አንዱ ጥግ እኔ ሌላው ጥግ ቆምን።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ዶክተሩ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ትልቅ መዝገብ ከፈተ። «አሁን ውሸት እንዳትጨምርልኝ» አለ። «እያንዳንዱን ቀን ንገረኝ። ምን ያህል እሱ ዋጠ፣ ምን ያህል አንተ።» ነገርኩት። ጻፈ። ሁሉንም ጻፈ፣ እኔን እንደሚያሳፍረኝ እያወቀ፣ ምንም ሳያሳምር። ስንጨርስ የፈራሁትን አወጣሁት።

«ዶክተር፣ አሻጥር ይባልብኛል?»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከመነጽሩ ጀርባ በጣም የደከመው ሰው ነበር።

«እንደ ዕቁብ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ። «አሻጥር ከሆነ ሁለታችንም ነን። ሂድ አሁን፣ ጓደኛህ ጋ ሁን።»

ሰኞ ሸምሱ ዓይኑን አልገለጠም። ማክሰኞ ገለጠ፤ ግን እኔን አልፎ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ዶክተሩን «ይተርፋል?» ስለው «አላውቅም» አለኝ። ሐኪም አላውቅም ሲል የሰማሁት ያኔ ነው፤ ውሸት ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ሩቂያ ከጎኑ አልተነሳችም። ለኔ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ሌላ ቃል አትጨምርም። ፋብሪካ ልሄድ ብዬ ከቤት እወጣለሁ፣ እግሬ ሆስፒታል ያደርሰኛል።

ረቡዕ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።

«በእናትህ ምለህልኝ አልነበር?» አለኝ።

እንደዚያ ወቀሳ ያስደሰተኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ጭንቅላቱ ተመልሷል። ያውም ሒሳቡን ይዞ። ነርሷ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ስላልገባት አስወጣችኝ።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስላችሁ። ሁለታችንም ከጥናቱ ወጣን፤ ሕክምናው ግን አልተቋረጠብንም። ዶክተሩ የሆነውን ሁሉ እንደጻፈው ይዞ ቆየ፣ እኔን የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። የሸምሱ ጉበት ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ከዚያ በአሮጌው መድኃኒት፣ አንድ በአንድ እየሞከሩ አክመውት ዳነ። እኔ ግን ያለ መርፌ ነጭ ክኒን ብቻ ስውጥ ከርሜ፣ በሽታው ክኒኑን ለምዶት ኖሯል። አክታዬ እንደገና ተገኘበት። ዓመት ከስንት ወር ሌላ መድኃኒት ስውጥ፣ መርፌ ስወጋ ኖርኩ። መቀመጫዬ ወንፊት ሆኖ፣ አውቶብስ ላይ ለአዛውንት ቦታ የምለቅ ጨዋ ወጣት ተብዬ ተመሰገንኩ። መቀመጥ አቅቶኝ እንጂ። እስካሁንም ዳገት ስወጣ ግራ ጎኔ ያፏጫል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ዕድሜ ሙሉ ለማንም ያላወራሁትን ዛሬ የማወራው ለምን መሰላችሁ? በቀደም ሠርግ ላይ አንዱ ወዳጄ የደም ግፊት ክኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ጎረቤቱን «ለኔ ተስማምቶኛል፣ ግማሿን ሞክራት» ሲለው አየሁ። ሌላዋ ለልጇ የታዘዘውን ሽሮፕ ከፊሉን ለእህቷ ልጅ ስትቀዳ አይቻለሁ። ክፋት የለባቸውም። እንጀራ እንደሚካፈል ሰው ነው የሚካፈሉት። እኔም እንዲያው ነበርኩ። መድኃኒት ግን እንደ እንጀራ አይደለም፤ ከሰው ሰው ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል፤ የሚጠብቀው ዓይን ደግሞ አብሮት አይሻገርም። ክኒኑን ብሰጠው፣ ምርመራውን ልሰጠው አልችልም ነበር።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ያ ቀይ ክኒን ዛሬ በየጤና ጣቢያው በነፃ ይታደላል፣ ጉበቱ እየታየ፣ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ፣ ብዙ ሰው በስድስት ወር ይድናል። ይህ የታወቀው ፖስታ አንስተው፣ የወጣላቸውን ዕጣ አክብረው፣ ነጩም የደረሳቸው ነጩን፣ ቀዩም የደረሳቸው ቀዩን በዋጡ ሰዎች ነው። ስማቸውን ማንም አያውቅም። ደግ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ከነሱ ሥራ ላይ ሁለት መስመር ያሰረዝኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቀልድ አላበዛም። የዋጥኩትን ሁሉ፣ ጎረቤት የሰጠኝን የዳማ ከሴ ውኃ ሳይቀር እነግረዋለሁ። እናንተም ንገሩ።

ሩቂያ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ደጃቸውን ለመርገጥ ብዙ ጊዜ ፈራሁ። ሸምሱ ራሱ ግድግዳውን እየደበደበ «አንተ፣ ሞተሃል?» እያለ ነው የጠራኝ። ሄድኩ። ከኔ ጋር ተጫወተ፣ ልጁንም አቀፍኳት፤ ሩቂያ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ጨዋታችን ውስጥ ግን አልገባችም። ስነሳ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ሸምሱ እንዳይሰማ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ከእንግዲህ ለባሌ የምትሰጠውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ታሳየኛለህ» አለችኝ።

«እሺ ሩቂያ» አልኩ።

የምትገባ መስሎኝ ነበር። ቆማ መሬት መሬቱን አየች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«ክፉ ሰው ብትሆን በሩን ዘግቼብህ እገላገል ነበር» አለች። «ደግነት ይዞ የሚመጣብኝን ሰው ግን፣ ግርማ፣ በምን በር ልዝጋበት?»